ነን ካፌ ተማሪና የምግብ ወጪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ወይ ካፌ (የግቢው መመገቢያ አዳራሽ) ይበላል፣ ወይ ነን ካፌ ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ ይቀበላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የነን ካፌዎቹ ናቸው። ዋጋ ከወር ወር፣ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ መልሶቹን በግራምና በኪሎ ጽፈናቸዋል። የአካባቢያችሁን ዋጋ እያስገባችሁ አስሉት።

ካፌ ይሻለኛል ወይስ ነን ካፌ?

ጥያቄው የኪስና የጤና ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ካፌ ይሻላል። ለሺህ ሰው በአንድ ድስት የሚበስል ምግብ ለአንድ ሰው ተብሎ ከሚገዛው ይረክሳል፤ ሦስቱም ገበታ በሰዓቱ ይደርሳል። ነን ካፌ የሚያዋጣው ሕመም ኖሮባችሁ የሚስማማችሁን መምረጥ ሲኖርባችሁ፣ ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ ስታበስሉ፣ ወይም ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ተደራጅታችሁ ስትበሉ ነው። ብቻውን ሆኖ ሦስቱንም ገበታ ከምግብ ቤት የሚገዛ ተማሪ፣ ከቤት ካልተጨመረለት፣ ወሩን ማድረስ ይከብደዋል። ካፌ የምትበሉም ብትሆኑ አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል ይጎድልባችሁ ይሆናል። በእጃችሁ ያለችውን ጥቂት ብር ለእነዚህ አውሏት፤ ዳቦውንስ ካፌው ይሰጣችኋል።

ሁልጊዜ ሽሮ ብበላ እጎዳለሁ?

ሽሮ በራሱ ጥሩ ምግብ ነው። ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ የተፈጨ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ችግር የሚያመጣው መቅጠኑ ነው። ለአንድ ሰው በአንድ ገበታ 40 ግራም ዱቄት ቢደርሰው 8 ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ውሃ በዝቶበት በዘይትና በበርበሬ መልክ ብቻ የያዘ ሽሮ ግን የዚህ ግማሽ ዱቄት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሆድ የሚሞላው እንጀራው ብቻ ነው።

ሌላው ጉድለት የቫይታሚን ነው። ሽሮ ቫይታሚን ሲም ሆነ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። በቀን አንድ ጊዜ ጎመን፣ ካሮት ወይም የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ከጎኑ መምጣት አለበት። የካሮትና የጎመን ቫይታሚን ኤ በሰውነት የሚመጠጠው ከቅባት ጋር ሲበላ ስለሆነ፣ ጠብ የምትል ዘይት አትከልክሉት።

ሥጋ መግዛት አልችልም፤ ፕሮቲን ከየት ላምጣ?

60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ወጣት በቀን 48 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል፤ ስሌቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ምግቡ በሙሉ ከእህልና ከጥራጥሬ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጎ ከ50 እስከ 55 ማድረስ ይመረጣል፤ የእህል ፕሮቲን እንደ እንቁላል ሙሉ በሙሉ አይፈጭምና።

አሁን ገበያ ሂዱና አወዳድሩ። 1 ኪሎ ምስር ውስጥ 240 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው። እንግዲህ 1 ኪሎ ምስር ከ40 እንቁላል ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። 1 ኪሎ ቀይ ሥጋ 200 ግራም አካባቢ ሲኖረው፣ 1 ኪሎ ኦቾሎኒ 250 ይደርሳል። ዋጋቸውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ በሥጋ ማጣት ማዘኑ ይቀንስላችኋል። ጥራጥሬ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት እንጀራና ዳቦ ይሞሉለታል፤ እናቶቻችን ምስርን በእንጀራ ማቅረባቸው በሥነ ምግብ ሚዛንም ትክክል ነው።

የአንድ ቀን ምሳሌ፦ ጠዋት 100 ግራም በሶ (10 ግራም ፕሮቲን) ከአንድ እፍኝ ወይም 30 ግራም ኦቾሎኒ ጋር (7 ግራም)፣ ምሳ 50 ግራም ምስር የገባበት ወጥ (12 ግራም) በአንድ እንጀራ (8 ግራም ገደማ)፣ እራት 40 ግራም ዱቄት ያለው ሽሮ (8 ግራም) በአንድ እንጀራ። ድምሩ ከ50 ይበልጣል። ኃይሉ ከዘይቱ ጋር 1,900 ካሎሪ አካባቢ ስለሚሆን፣ ብዙ የሚራመድ ወይም ኳስ የሚጫወት ተማሪ አንድ ዳቦና ሁለት ሙዝ ይጨምርበት።

ገንዘቡ በ15 ቀን ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

ገንዘቡ በገባበት ቀን፣ ምንም ሳትበሉበት፣ የማይበላሸውን አስቀድማችሁ ግዙ። ለአንድ ሰው የወር ልክ ይህን ይመስላል፦ በሶ 3 ኪሎ፣ ኦቾሎኒ 1 ኪሎ፣ የምታበስሉ ከሆነ ደግሞ ምስር 1 ኪሎ ተኩል፣ ሽሮ 1 ኪሎ ከሩብ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ አዮዲን ያለው ጨው። ይህ ከተገዛ በኋላ የወሩ መጨረሻ ቢከፋ እንኳ ፆማችሁን አታድሩም። የቀረውን ለአራት ክፈሉትና የአንዱን ሳምንት ብቻ እጃችሁ ላይ አድርጉ፤ ሌላው ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ ይቆይ። በአንዱ ሳምንት ከተረፈ ለሚቀጥለው ይተላለፍ እንጂ ከሚቀጥለው አይበደር።

በትንሽ በትንሹ መግዛት ያከስራል። በሩብ ኪሎ የሚሸጥ ሽሮ በኪሎ ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ይላል። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ካለ እህልና ዘይት ከዚያ፣ የእሁድ ገበያ ባለበት ከተማ አትክልት ከዚያ ግዙ። ጉሊት ላይ በመደብ የሚሸጥ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ ማምሻው ዋጋው ይቀንሳል፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የምታበስሉት ከሆነ ትንሽ የላላውን መግዛት ነውር የለውም። የሻገተውን ግን በነፃም ቢሆን አትውሰዱ።

ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው። ያለ እሳት ምን ይዘጋጃል?

ክልክሉን አክብሩት፤ የተደበቀ ስቶቭ ሶኬት አቃጥሎ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ያለ እሳት የሚበላ ነገር ብዙ ነው፦ ዳቦ በአቮካዶ (ግማሽ አቮካዶ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ የተከተፈ ቃሪያ)፣ ሙዝ በኦቾሎኒ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ከውጭ የተገዛ ቅቅል ድንችና ቅቅል እንቁላል፣ በዋናነት ደግሞ በሶ።

ዳቦ በሻይ ብቻ ቁርስ ሲሆን ከሁለት ሰዓት በኋላ ረሃብ ይመለሳል። ነጭ ዳቦና ስኳር ቶሎ ይፈጫሉ፤ ሆድ ውስጥ የሚያቆያቸው ፕሮቲንም ቅባትም የለም። ከዚያው ዳቦ ጋር አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም አንድ እንቁላል ሲጨመር እስከ ምሳ ያደርሳል።

በሶ በትክክል እንዴት ይበጠበጣል?

የሚጠጣ ከሆነ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉ። ከዚያ 5 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ ካላችሁ ማር ወይም ትንሽ ስኳር ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ግማሽ ደቂቃ ናጡት። ዱቄቱ ከቀደመ ታች ይጋገራል። የሚያጠግብ የምትፈልጉ ከሆነ 100 ግራም በሶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ በሳህን አድርጉና ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ በእጅ ሊጨበጥ እስኪችል እሹት። ውሃ አንዴ ከተረፈው ዱቄት መጨመር ግድ ስለሚሆን ቀስ በሉ።

በሶው ተቆልቷል፣ ውሃው ግን ጥሬ ነው። ከበሶ በኋላ ሆዱን የሚያመው ሰው ብዙውን ጊዜ ያመመው ውሃው ወይም በደንብ ያልታጠበው ጠርሙስ ነው። የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ውሃ ተጠቀሙ፤ በጥብጣችሁ ወዲያው ጠጡ እንጂ ለከሰዓት አታስቀምጡት። ዱቄቱ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ይሻግታል።

ከቤት ሲልኩልኝ ምን ይላኩልኝ?

ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ። ድርቆሽ በተለይ ውድ ስጦታ ነው። እንጀራው በደንብ ደርቆ ከሆነ ሳምንታት ይቆያል፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ዘይት በአንድ ድስት አቁላልቶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶ ድርቆሹን መጨመር ብቻ ነው፣ በ10 ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ቤተሰብ ከተማ የሚሸጥ ብስኩትና ጣፋጭ ገዝቶ ከሚልክ የአንድ ኪሎ ቅቤ ጭኮ ቢልክ ይሻላል። ያልደረቀ እንጀራ ግን በላስቲክ ታሽጎ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ከዋለ ሲደርስ ሻግቶ ታገኙታላችሁ።

የኮንትራት ምግብ ስይዝ ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ሁለት ቀን በጥሬ ብር ብሉና እዩ። ሽሮው ማንኪያ ላይ ይቆማል ወይስ እንደ ውሃ ይፈሳል? አትክልት በሳምንት ስንት ቀን አለ? ወጡ ትኩስ ሆኖ ይቀርባል ወይስ ከጠዋት ጀምሮ ለብ ብሎ የቆየ ነው? መታጠቢያው ላይ ውሃና ሳሙና አለ? የምታበስለዋን እህት ሰላም ብላችሁ በአክብሮት ብትጠይቋት የምትጠቀመውን እህል ትነግራችኋለች።

ክፍያውን በሳምንት አድርጉ። የወር ሙሉ ከፍላችሁ ቤቱ ቢዘጋ ወይም ብትታመሙ ገንዘቡ አይመለስም። ያልተበላ ቀን ወደ ሚቀጥለው ይተላለፍ እንደሆነ፣ በጾምና በፍስክ ቀን ምን እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የበላችሁበትን ቀን በሁለት ወረቀት፣ አንዱ በእናንተ አንዱ በእሷ እጅ፣ ምልክት እያደረጋችሁ ያዙ።

ሦስት ሆነን ተከራይተናል። ከምን እንጀምር?

ከምስር ክክ ጀምሩ። መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበስላል፤ ስለዚህ መብራቱንም ከሰሉንም ይቆጥባል። ድፍን ሽምብራና ቦሎቄ በኪሎ ቢረክሱም አንድ ሌሊት ካልተዘፈዘፉ የሚበሉት ከሰል ትርፉን ያጠፋዋል። ቀይ ቦሎቄ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ጥሬውና በደንብ ያልበሰለው ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዝ አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅሉት።

ለሦስት ሰው የሽሮ ልክ፦ 120 ግራም ሽሮ (12 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ 1 ሊትር ከሩብ ውሃ፣ 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 1 ቲማቲም፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በጠብታ ውሃ አቁላሉት፤ ሲለሰልስ ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ጨምሩ። ሽሮውን ለብቻ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። የቀረውን ውሃ ድስቱ ላይ አፍልታችሁ የተበጠበጠውን እያማሰላችሁ ጨምሩ። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ማፍሰስ ነው የሚያጓጉለው። በዝግታ እሳት 20 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። በ7 ደቂቃ የወጣ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ አዮዲን በሙቀት ይቀንሳልና።

ጎመን ሲሠራ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ቆስጣም ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ለአጥንት ጎመን ይበልጠዋል።

የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ምድጃው ደጅ ይዋል፣ ደጅ ይደር።

ርካሽ ሽሮ ባገኝ ልግዛ?

ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ጓያ በዝቶበት የሚረክስ ሽሮ አለ። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ፣ በተለይ እህሉ ዋና ምግብ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላ፣ እግርን ያሽመደምዳል፤ ከዚያ መዳን የለም። ብዙ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። አልፎ አልፎ የሚበላ ጥቂት ጓያ እንዲህ አያደርግም፣ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሽሮ ለሚበላ ተማሪ የሽሮው ምንጭ መታወቅ አለበት። የሚቻል ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ አተርና ሽምብራ ገዝታችሁ ራሳችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩ። ኦቾሎኒም ሲገዛ የተጨማደደው፣ የጠቆረውና የሚመረው ተለቅሞ ይጣል። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን በመቁላት አይጠፋም።

ይደክመኛል፣ ያዞረኛል፤ ደም ማነስ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ የግቢው ክሊኒክ በቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል። በየወሩ ደም ስለሚፈስሳት ሴት ተማሪ ከወንዱ በእጥፍ የሚበልጥ ብረት ያስፈልጋታል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጤፍና ጎመን ብረት አላቸው፣ ሰውነት የሚወስደው ግን ከፊሉን ብቻ ነው። ይህን የሚያሻሽሉ፣ ወጪያቸው ከምንም የማይቆጠር ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከምግቡ ጋር ቫይታሚን ሲ መብላት ነው፦ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ጎኑ አድርጉ፤ ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ። ሁለተኛው ሻይና ቡናን ከምግብ አንድ ሰዓት ማራቅ ነው፤ ከገበታ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል። ቀይ ጤፍ በብረት ከነጩ አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። የብረት ክኒን ከታዘዘላችሁ ስለተሻላችሁ አታቋርጡት።

ስጾም ምን ልጠንቀቅ?

ጥራጥሬ እስከተበላ ድረስ በጾም ፕሮቲን አይጎድልም። የሚጎድለው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ውጤት ነውና። ጉበት የሚያከማቸው ክምችት ስላለ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ብቻውን ጤነኛ ሰውን አያጎድለውም። ችግሩ በፍስኩም ቀን እንቁላልና ወተት የማይቀምስ ተማሪ ላይ ነው። በፍስክ ሳምንት አራት አምስት እንቁላልና ሁለት ብርጭቆ የፈላ ወተት ወይም እርጎ ለማግኘት ሞክሩ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ስትፈቱ በጣፋጭ ሻይ አትጀምሩ፤ ውሃ፣ ከዚያ ሱፍ ወይም ተልባ ፍትፍት፣ ከዚያ ምስርና ጎመን። በረመዳን ደግሞ ለሱሑር በሶ፣ ገንፎ ወይም ባቄላ ይሁን፤ ጨው የበዛበት ነገር ቀኑን ሙሉ ያስጠማል።

ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። በርበሬ ልተው?

በርበሬ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ቁስሉን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው በምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ሕክምናው እስኪያልቅ አልጫ ክክ፣ ድንች፣ አጃና ሙዝ ይስማማሉ፤ ባዶ ሆድ ቡና ይቅር። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

ፍሪጅ የለንም፤ ያደረ ወጥ ይበላል?

የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ድሬዳዋን፣ ጋምቤላንና ሰመራን በመሰለ ሞቃት ከተማ 1 ሰዓት። ስለዚህ ለአንድ ገበታ ልክ አብስሉ። የቆየ ሩዝና ፓስታ ዳግመኛ ቢፈላም ባክቴሪያ የፈጠረበት መርዝ ላይጠፋ ይችላል። የሻገተ እንጀራ ነጭና አረንጓዴው ተቆርጦ ቢጣልም የቀረው ደህና አይደለም፤ ሥሩ ለዓይን ሳይታይ ውስጥ ገብቷል። እንጀራው ሳይሻግት፣ በሁለተኛው ቀን፣ የሚተርፈውን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ድርቆሽ አድርጉት።

ወሩ ሊገባ 5 ቀን ሲቀረኝ ገንዘቤ አለቀ። አሁንስ?

ስንዴና ባቄላ ወይም ሽምብራ እኩል ለእኩል ዘፍዝፋችሁ ንፍሮ ቀቅሉ፤ 1 ኪሎ ደረቅ እህል ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ገደማ ያቆያል። ማብሰያ ከሌላችሁ በሶና ቆሎ። ውሃ በደንብ ጠጡ። ከሁሉ በፊት ግን ንገሩ፦ ለዶርም ጓደኛ፣ በግቢው ላለው የበጎ አድራጎት ክበብ፣ ለተማሪዎች ዲን ቢሮ። በሚቀጥለው ምዝገባ ወደ ካፌ መመለስ ይቻል እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ሳይበሉ ክላስ ውስጥ ከመውደቅ አንድ ሰው በር ማንኳኳት ይቀላል።